‹አይነክስም›፦ ስለ ጎረቤት ውሻ የቀረበ ሐተታ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ውሻ ከቤት እንስሳት ተርታ የሚቆጠር ቢሆንም፣ ሥራው ሲመረመር ከአጥሩ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ይገኛል፤ ግድግዳው ነፋስን፣ ክዳኑ ዝናብን ሲከለክል ውሻው ደግሞ ከጅብ እስከ ዕዳ ጠያቂ ድረስ ያለውን ሁሉ ይከለክላል። ልዩነቱ ሌላው አጥር ከተተከለበት የማይነቃነቅ ሲሆን፣ ይህኛው አጥር እየተነሣ ጎረቤት ድረስ መሄዱ ነው፤ የዚህ ሐተታ ጉዳይ የሆነው ጠብም ከዚሁ ይወለዳል።

ውሻው የሚለቀቅበት ምክንያት በባለቤቱ ግዴለሽነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች እየተቆራረጠ የሚወርደው ይህ አገር፣ ገደሉ ለዝንጀሮ፣ ዋሻው ለጅብ የተመቸ በመሆኑ ገበሬው ሰብሉን ከአንደኛው፣ በጉን ከሌላኛው ሲጠብቅ ይኖራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር በቆየበት ጊዜ ጅቦች ሌሊት ሌሊት በከተማይቱ ጎዳናዎች ይርመሰመሱ እንደነበር ጽፏል፤ የነገሥታቱ መዲና እንዲህ ከነበረች፣ በጉና ግርጌ በረት የነበረው አባ ወራ እንዴት ያለ ሌሊት ያሳልፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የተለመደው ሥርዓት ውሻውን ቀን በጠፍር ወይም በሰንሰለት አስሮ ማዋል፣ ሲመሽ ደግሞ ፈትቶ መልቀቅ ነው፤ ታስሮ የሚያድር ውሻ ራሱ ለጅብ ራት ከመሆን በቀር ለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም የለም ተብሎ ይታመናልና።

ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ቢሰፍር እንከን አይወጣለትም፤ እንከኑ የሚታየው የውሻው ሌሊትና የሰው ቀን በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ ነው። ውሻው የሚታሰረው ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሲሆን፣ ጎረቤት ግን ባለቤቱ እስኪነሣ አይጠብቅም። ማኅሌት ለመቆም የሚሄደው መሪጌታ፣ ኪዳን ለማድረስ የሚቸኩለው ቄስ፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ በታች ጋይንት ደግሞ ዓርብ ሲሆን በጉን እየነዳ ወደ አርብ ገበያ የሚገሰግሰው ገበሬ፣ ሁሉም ውሻው ገና በሌሊት ሥልጣኑ ላይ ሳለ በደጁ ያልፋሉ። ውሻው በበኩሉ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ ጅብ ነው፣ ጅብ ካልሆነም ሌባ ነው፣ ሌባም ካልሆነ መጀመሪያ ይነከስና ማንነቱ በኋላ ይጣራል። የጎረቤቶች ጠብ ተጨምቆ ሲታይ እንግዲህ ውሻው ይለቀቅ ወይስ ይታሰር የሚል አይደለም፤ በስንት ሰዓት ይታሰር የሚል ነው።

በልማዱ የመጠንቀቁ ሸክም የወደቀው በአላፊ አግዳሚው ላይ ነው። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከአጥሩ ሳይደርስ ከሩቅ ቆሞ ‹ኧረ ቤቶች! ውሻ ያዙ!› ብሎ መጣራት፣ መልስ እስኪያገኝ ካለበት አለመነቃነቅ፣ ከሁሉም በላይ አለመሮጥ ይጠበቅበታል። ከባለቤቱ የሚሰጠው መልስ ግን በአራት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ከመደብ ሳይነሡ ከውስጥ የሚሰነዘረው ‹ግቡ፣ አይነክስም!› ሲሆን፣ ይህ ማረጋገጫ የሚነገረው ለእንግዳው እንጂ ለውሻው ስላልሆነ ውሻው በቃሉ ይስማማ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ሁለተኛው ‹ሰው ያውቃል› የሚለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሻው የሚያውቀው የሰውን ልጅ በጠቅላላው ነው ወይስ የቤቱን ሰው ብቻ የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ይቀራል። ሦስተኛው የእንግዳው ሱሪ ከተቀደደ በኋላ የሚመጣው ‹ዛሬ ምን ነካው!› የሚለው የመገረም ቃል ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ቢነገርም ‹ዛሬ› መባሉ አይቀርም። አራተኛውና የመጨረሻው ‹ሮጠህበት ነው› የሚለው ብይን ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ተከሳሹ ውሻው መሆኑ ይቀርና የተነከሰው እግር ይሆናል። የሚጮኽ ውሻ አይነክስም የሚለው ተረትም ከመልሶቹ ጋር ተደርቦ ይጠቀሳል፤ ተረቱ የሚጸናው ግን ውሻው መጮኹን እስኪያቆም ድረስ ብቻ መሆኑ ይዘነጋል።

ይህን ዕውቀት ከሁሉ አጥልቆ የተማረው የቆሎ ተማሪ ነው፤ የቆሎ ተማሪ የሚባለው ከወላጆቹ ርቆ፣ በየመንደሩ እህል እየለመነ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የሚከታተል ደቀ መዝሙር ነው። አካባቢው ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ ታላቅ መዳረሻ ሆኖ ኖሯል። በጋይንት የሚገኙት ቤተልሔም ድጓ የተባለው የዜማ ትምህርት፣ ዙር አባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ ትምህርቶች ማስመስከሪያ ሲሆኑ፣ ማስመስከሪያ ማለት በሌላ ቦታ የተማረ ሁሉ በመጨረሻ መጥቶ ዕውቀቱ የሚመዘንበትና ለመምህርነት የሚመሰከርለት ጉባኤ ቤት ነው፤ በእስቴም ቆማ ከድጓ የዜማ ስልቶች በአንዱ ስሙ ይጠራል። ስለዚህ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ተማሪ ለዘመናት በእነዚህ መንደሮች አጥር ሥር አልፏል፤ ውሾቻቸውንም ሳያልፍ ለምስክርነት የበቃ መኖሩ ያጠራጥራል።

የተማሪውና የውሻው አለመግባባት የሚጀምረው ከልብስ ነው። ተማሪው ደበሎውን፣ ማለትም ከበግ ለምድ የተሰፋውን ልብሱን ደርቦ ብቅ ሲል፣ ውሻው የሚያየው ሌሊቱን ሲጠብቀው ያደረውን በግ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲሄድ ስለሆነ መቆጣቱ አያስፈርድበትም። ተማሪው ጀርባውን ለአጥሩ ይሰጣል፤ ምጽዋት የሚቀበልበትን አኩፋዳ በግራው፣ ዱላውን በቀኙ ይይዛል፤ ዱላውን ሳይሰነዝር ጫፉን ከመሬት ጋር እያንሸራተተ ከውሻው አፍንጫ ፊት ለፊት ያመላልሰዋል፤ በዚያው ቅጽበትም ‹በእንተ ስማ ለማርያም› የሚለውን ልመና ድምፁ ሳይሰበር ማድረስ አለበት። ድምፁ ከተንቀጠቀጠ እማ ወራይቱ አትሰማም፤ ዱላው ከተነሣ አባ ወራው ይቆጣል፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ በተባለበት አገር፣ ከላይ እንደተገለጸው ውሻውም ከአጥሩ የሚቆጠር ነውና። የድጓ ትምህርት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ይህኛው ትምህርት ግን በአንድ ክረምት የሚጠናቀቅ ሲሆን ምስክር ወረቀቱም ባት ላይ ታትሞ ይቀራል።

ልማዱ የተበጀው ቤት ከቤት ለተራራቀበት ገጠር እንደመሆኑ፣ ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳና አርብ ገበያ ወደ መሳሰሉት ከተሞች ሲገባ ሚዛኑ ይዛባል። በከተማ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ የቆርቆሮ አጥር ይጋራሉ፤ መንገዱም ከበሩ ሥር የሚጀምር ስለሆነ በገጠር የእርሻ ዳር ይጠብቅ የነበረው ውሻ እዚህ ተማሪውን፣ ባጃጁንና የወረዳ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው እንደገባ ይቆጥራል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የውሾቹ ቁጥር ነው፤ ከአንድ ቤት የወጣ አንድ ውሻ አላፊውን አይቶ ሊተወው ይችላል፤ ከሦስት ቤት የወጡ ሦስት ውሾች ግን ማኅበር ይሆናሉ፤ ማኅበር ደግሞ ያለ ድግስ አይውልም። ድግሱ የጎረቤት ጫጩት፣ ከጎጆ የተለቀመ እንቁላል፣ ወይም ከፋሲካ ማግስት ለመድረቅ የተወጠረ የበግ ቆዳ ሊሆን ይችላል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረት በሌላ ቦታ ለምሳሌ ይነገር እንጂ፣ እዚህ ተበዳዩ ጣቱን ወደ አጥሩ ቀዳዳ እየቀሰረ የሚያቀርበው ማስረጃ ነው።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚታየው እጅግ አስገራሚ ነገር የባለቤትነት መትነን ነው። ሌባ ያባረረ ውሻ ባለቤቱ ከነስሙና ከነእናቱ ዘር የሚዘረዝርለት ሲሆን፣ ሰው የነከሰ ውሻ ግን ወዲያውኑ ‹የኛ አይደለም፤ ዝም ብሎ እዚህ የሚውል ነው› ይባላል። ውሻው በዚህ ንግግር መካከል ጅራቱን እየቆላ የተናጋሪውን እግር ቢልስም ንግግሩ አይቋረጥም።

የጽሑፍ ሕጉ አቋም ከልማዱ ተቃራኒ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ደንግጓል፤ በዚህ ድንጋጌ ፊት ‹ዛሬ ምን ነካው› የሚባለው መከላከያ አያዋጣም። ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረውን ሰው ካልተነገረው ሰው ለይቶ ክፉኛ ይቀጣዋል፤ በሬው በውሻ ቢተካ፣ መንደሩ ሁሉ ‹ያንን ውሻህን እሰር› እያለ የለመነው ሰው የትኛው ወገን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ለባለቤቱ አንድ መውጫ ትቶለታል፦ ራሱ ጥፋት ካልፈጸመ የቤት እንስሳውን ባለቤትነት ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱን ያደረሰው በሬ ወይም በቅሎ ከሆነ ተጎጂው አንድ ነገር አገኘ ማለት ነው፤ ውሻ ከሆነ ግን ካሣ ሊጠይቅ የሄደው ተነካሽ ነካሹን በገመድ እየጎተተ ይመለሳል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ቁጥር 2071 የሚመለከተው እሱን ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ይህ በሽታ በተለከፈ እንስሳ ምራቅ አማካይነት የሚተላለፍና አንጎልን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ የሚመጣ ነው፤ በአዲስ አበባም በ1903 እ.ኤ.አ. ብዙ ውሾችን የመታ ወረርሽኝ መከሰቱ ተመዝግቧል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በ1885 እ.ኤ.አ. በአንድ የ9 ዓመት ልጅ ላይ ሞክሮ ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ እየተሻሻለ ቢመጣም፣ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የታወቀው በተከታታይ 14 ቀን ሆድ ላይ የሚወጋው፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ነበር። እንግዲህ ሒሳቡ ሲሠራ በግን እንዲጠብቅ የተቀመጠው ውሻ ጎረቤትን ሲነክስ፣ ዕዳውን በአንጎሉ የሚከፍለው በጉ ሆኖ ተገኝቷል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ነካሹ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ ጤነኛነቱ ከተረጋገጠ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። ‹የኛ አይደለም› የሚለው ቃል ጉዳቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ባለቤት የሌለው ውሻ የሚያስረውና የሚከታተለው ሰው ስለሌለው ጎረቤቱ መርፌውን እስከ መጨረሻው ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጎረቤት ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ማቆም አይወድም፤ ተከሳሹ ነገ የወንፈል ባልደረባው፣ ከነገ ወዲያ የጽዋ ማኅበርተኛው፣ በክፉ ቀንም ዕድርተኛው ነውና። ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል። በሸንጎው ውሻውም ጌታውን ተከትሎ መጥቶ ከእግሩ ሥር ተጋድሞ ስለሚውልና በዚያ ቀን ማንንም ስለማይነክስ፣ ‹ይኸው እዩት፣ ነካሽ ይመስላል?› ለሚለው ክርክር ራሱ ምስክር ይሆናል። ሽማግሌዎቹም እያንዳንዳቸው ቤት ውሻ ያላቸው በመሆኑ ነገ በራሳቸው ላይ የሚጠቀስ ብይን ላለመስጠት ይጠነቀቃሉ፤ የሕክምናው ወጪና የዶሮዋ ዋጋ እንዲከፈል፣ ውሻውም የኪዳን ደወል ሳይሰማ እንዲታሰር ወስነው ያስታርቃሉ። ውሳኔው ትክክለኛ ነው፤ ጠቡ የሰዓት ጠብ መሆኑን ለይቶ ያወቀ ነውና። የጎደለው ባለቤቱን ከደወሉ በፊት የሚቀሰቅሰው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞሉት ብዙ ጊዜ የመንደሩ ቄስ ናቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ‹ኧረ አያ እገሌ! ውሻዎን ያዙልኝ!› እያሉ፣ በማኅሌት በተገራ ድምፃቸው፣ ባለቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ እስኪወጣ ድረስ ይጣራሉ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሕግም ሽማግሌም ያላሸነፈው ባለቤት በመጨረሻ ለእንቅልፉ ሲል ይሸነፋል፤ ውሻውን ማታውኑ አስሮ ይተኛል፤ ቄሱም ሳይጣሩ ያልፋሉ። በዚያው ሌሊት ጅብ በረቱን ደፍሮ አንዲት ግልገል የወሰደ እንደሆነ ግን፣ በማግሥቱ በሽማግሌዎች ፊት የሚከሰሱት ቄሱ ናቸው።