የቫልቩ ጠያቂዎች

ወለቃ ውስጥ ዕቃ ተበላሽቶበት ለብቻው የሚቆዝም ሰው አላየሁም። ሰፈራችን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች ናት፤ ማንም የማንንም ጓዳ ያውቃል። ላም ብትታመም፣ ባጃጅ አልነሳ ቢል፣ ጀበና አፉ ቢሸረፍ ጠያቂ ይመጣል። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቢያንስ አንድ መድኃኒት ይዞ ይመጣል። የእኔ አምፕሊፋየር የታመመ ሰሞን የመጣው ሕዝብ ግን ለደህና ሰው ለቅሶ እንኳ አይወጣም።

አምፕሊፋየሩ የቫልቭ ነው። እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ 50 ዋት፣ አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲያራግፍ የገዛሁት። ስልኩ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ትራንዚስተር ይዞ ለሚዞር የዛሬ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ የኔው ሀብት በጠቅላላው አምስት የመስተዋት ጠርሙስ ነው። 12ኤኤክስ7 የሚባሉት ትንንሾቹ ሦስቱ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ያሳድጋሉ። ኢኤል34 የሚባሉት ሁለቱ ትልልቆች ደግሞ እስፒከሩን የሚገፋውን ጉልበት ይሰጣሉ። ጠርሙሱ ውስጥ አየር የለም። መካከሉ ላይ ያለው ብረት በክር ይግልና ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ዙሪያውን ያለው ሳህን የተተፋውን ይስባል፤ በሁለቱ መሐል ወንፊት ተዘርግቷል። ጊታሩ የሚያዝዘው ያንን ወንፊት ነው፤ ትንሽ ሲነካው ብዙ ያልፋል፣ ትንሽ ሲከለክለው ብዙ ይቀራል። ፍሌሚንግ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1904 ወንፊት የሌለውን ሠራ፤ ዲ ፎረስት የሚባለው አሜሪካዊ በ1906 ወንፊቱን ጨመረበት። በ1947 ትራንዚስተር ሲመጣ ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ዞሩ። አሻፈረኝ ብለን የቀረነው እኛ ጊታር መቺዎች ነን።

ግትርነታችን በዋት ይለካል። አንዱ ኢኤል34 ክሩን ለማጋል ብቻ በ6.3 ቮልት 1.5 አምፒር ይወስዳል። የአምስቱ ቢደመር አምፕሊፋየሩ ገና ትንፍሽ ሳይል 25 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሐምሌ ላይ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የሰፈሩ ልጆች እየመጡ በጀርባው በኩል እጃቸውን ይሞቃሉ። ሙዚቃዬን የማይወዱ ጎረቤቶች እንኳ አምፕሊፋየሩን ይወዱት ነበር።

ሕመሙ የጀመረው የገና ጾም እንደገባ ነው። በጾም ሠርግ የለም፤ ሥራዬ ቤት ተቀምጦ ለጥር መለማመድ ነው። የጊታሩ ወፍራም ክር ደረት መንካቱን ተወ። ቀጭኑን ስመታው ደግሞ ከድምፁ በስተኋላ «ትንንን» የሚል ጭራ ይከተለዋል። ወሬው ሳይመሽ ወለቃን አዳረሰ። አንዱ አቧራ ነው አለ። አንዷ ጠበል ይረጭ አለች፤ ኤሌክትሪክና ውሃ እንደማይዋደዱ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። የስድስተኛ ክፍሉ ተማሪ «ጋሼ፣ ለምን ሪስታርት አታደርገውም?» አለኝ።

የጊታር ሕመም ግማሹ ኬብል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኬብሉን ቀየርኩ፣ ጃኩን ጠረግሁ፣ ጊታሩን ሌላ ቦታ ሰክቼ ሞከርኩ፤ ጤነኞች ናቸው። ቀጥሎ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በአንዳንድ ምሽት ድምፁ ይብሱን ይሟሽሻል። ቴስተሩን ግድግዳው ላይ ብሰካ 220 መሆን የሚገባው 180 ይላል። ቫልቩን የሚያግለው 6.3 ቮልት እንዲያ ሲሆን ከ5 ብዙም አያልፍም፤ በደንብ ያልጋለ ብረት ደግሞ ኤሌክትሮኑን ይሰስታል። ጥፋተኛው ማን ይሆን ብዬ አጥር ላጥር ስሄድ፣ ሽታው ከጎረቤት ሴትዮ ቤት መጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለብቻው ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ያን ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ተማክሮ የጣደ ይመስላል።

«እትዬ፣ ዛሬ እንጀራ ይጋግራሉ እንዴ?» አልኳቸው በአጥሩ ላይ።

«ምነው ልጄ፣ ልላክልህ?»

እምቢ ማለት ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ትኩስ እንጀራ ይመጣልኛል፤ አንዳንዴ ቴስተር ማውጣት ሳያስፈልገኝ በእንጀራው ብቻ ስንት ቮልት እንዳለ ማወቅ ጀምሬ ነበር። ሆኖም ሰው ሁሉ ተኝቶ መብራቱ ሙሉ በሆነበት እኩለ ሌሊት ላይም ያው ድምፅ ነው። ምጣዱ ነጻ ወጣ፤ ተጠርጣሪው ቫልቩ ሆነ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ቀልድ ስላልሆነ። የቫልቭ አምፕሊፋየር ሶኬቱ ተነቅሎም ሊገድል ይችላል። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ አቁረው ይቆያሉ፤ ሳያፈስሱና በቴስተር ሳያረጋግጡ ክዳን ከፍቶ እጅ መስደድ አይገባም። አዋቂዎቹ ደግሞ በርቶ ሲለካ አንዱን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ፤ መብራቱ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። እኔም ይህንን ሳደርግ ያዩኝ አንድ ጠያቂ «ስንት ነው የጎደለህ?» ብለው ቦርሳቸውን አወጡ።

ለዋናው ምርመራ ጎንደር አራዳ ካሉ አንድ አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ግሩንዲግና ፊሊፕስ ቫልቭ ሲውጡ በነበረበት ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው። ካቻቢቴያቸውን በደረት ኪሳቸው ሸጉጠው በባጃጅ መጡ። ሕዝቡ ቀድሞ ተቀምጧል፤ ቡናም ቀርቧል።

«ሳትነካ እይ» አሉኝ። ቫልቩ አናት ላይ መስታወት የመሰለ ብርማ ቅብ አለ፤ የተረፈ አየር ካለ የሚመጥጥ ነው። እሱ ነጭ ወተት ከመሰለ ጠርሙሱ ተሰንጥቆ አየር ገብቷልና ደክሞ መልፋት አያስፈልግም። በሥራ ላይ እያለ ሳህኑ ራሱ ፍም ሆኖ ከቀላ ደግሞ ቶሎ ማጥፋት ነው፤ ከልክ ያለፈ ጅረት እየፈሰሰበት ነው። የእኛዎቹ ይህም ያም የለባቸውም። ጠጋኙ ጋሼ ሲለኩ ግን ከትልልቆቹ አንዱ የሚስበው የሌላውን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። በዕድሜ ብዛት ኤሌክትሮን የሚተፋው ቅብ አልቆበታል።

«ታዲያ እሱን ብቻ ልቀይር?» አልኳቸው፤ ዋጋውን እያሰብኩ።

«ጥማድ ናቸው» አሉ ጋሼ። «አንዱን ወይፈን ከአሮጌ በሬ ጋር ብትጠምደው ምን ታርሳለህ? ትልሙ ጠማማ፣ በሬህም ሽባ።»

ከጠያቂዎቹ መካከል ያሉት ገበሬዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ ኢኤል34 የማያውቅ ሰው ወለቃ ውስጥ አልቀረም።

የ«ትንንን» ነገር ግን የትልልቆቹ አይመስልም። ጋሼ ድምፁን ከፍ አደረጉና ላጲስ ያለው እርሳስ ጠየቁ፤ በላጲሱ በኩል ትንንሾቹን ተራ በተራ መታ መታ ማድረግ ነው። ውስጡ ያለው ወንፊት የላላበት ቫልቭ ሲነኩት ማይክሮፎን ሆኖ በእስፒከሩ ይጮኻል። እርሳሱን ግን ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ቀድመው ተቀበሉ።

እሳቸውን ማስተዋወቅ አለብኝ። ሸክላ ሠሪነትና ብረት ቀጥቃጭነት የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ሙያ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ኋላም ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲሄድ፣ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ሙያው ግን ሰፈሩን አልለቀቀም፤ የቀሩት ጎረቤቶች ያዙት፤ ዛሬም በመንገዱ ዳር የሸክላ አንበሳና ንግሥተ ሳባ ለቱሪስት ይሸጣል። የእትዬ እጅ አፈር ሲለውስ ያረጀ ነው። ድስት ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ለገበያ፣ ካልጮኸ ለዶሮ ውሃ መጠጫ።

አንደኛውን መቱት። ምንም። ሁለተኛውን መቱት። ምንም። ከጊታሩ መሰኪያ አጠገብ ያለውን ሲነኩት «ትንንን!» ብሎ ልጆቹን አስሮጠ።

«ይቺ ናት፤ ነቅ አለባት» አሉና እርሳሱን መለሱ።

ጋሼ ደስ አላላቸውም። ለማረጋገጥ አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁና የሁለቱን ቫልቮች ቦታ አቀያየሩ፤ ሲበራ የታመመችው በሄደችበት «ትንንን» አብሮ ሄደ፣ መጀመሪያው ቦታ ላይ ጸጥ አለ። የመጀመሪያዋ ላይ ያለ ሕመም የሚብሰውም የእሷን ስህተት ቀጣዮቹ ሁሉ ስለሚያሳድጉት ነው ብለው አስረዱን። ቀጥሎ ለእትዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ራዲዮ ሠርተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋቸው።

ሲመሽ ሌላ ጭንቀት መጣ። ኢኤል34 አንዳንዴ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ያሳያል። ያመለጡ ኤሌክትሮኖች መስተዋቱን ሲመቱት ነው፤ ጉዳት የለውም። አንድ ጠያቂ ግን አማትበው ወደ በሩ ተጠጉ። እትዬ ሳቁ። «እሳት የነካ ሁሉ ይታማል፤ እኛንም ሲያሙን ኖረዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ድስቱን ገዝቶ ወጡን ከበላበት በኋላ የሠሪዋን ዓይን ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽ አገር ነው የኖርንበት።

አዲስ ቫልቭ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ሩሲያ ሳራቶቭ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬን ጦርነት በኋላ የሩሲያው ወደ ውጭ መላክ ለጊዜው ሲቆም የዓለም ጊታር መቺ ሁሉ ተንጫጫ። ጥምቀት ደግሞ ይመጣል፤ ጎንደር በዲያስፖራ ይሞላል። አውሮፓ ያለ ዘመዴ የስሎቫኪያውን በካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ፈታሹ ካልሲውን ፈቶ «አምፖል ነው?» ብሎት ኖሯል። «አዎ» አለ። «ስንት ዋት?» «ሃምሳ።» «ለሃምሳ ዋት ይህን ያህል ካልሲ!» ብሎ አሳለፈው።

መቀየሩ በአንጻሩ ቀላል ነው፤ ለዚህ ነው ቫልቭ የምወደው። ሲያረጅ ካውያ ሳያስፈልግ ከመሰኪያው ይነቀላል፣ አዲሱ ይገባል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከታች ከእግሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ። ትልቁ መካከሉ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ጥርስ አለው፤ ትንሿ ዘጠኝ ቀጫጭን እግር አላትና ካላስተካከሏት ትታጠፋለች። ለትንሿ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለጥንዶቹ ግን ባያስ የሚሉት ይስተካከላል፤ ጊታሩ ዝም ባለበት ሰዓት ስንት ሚሊ አምፒር ይፍሰስባቸው የሚል ውሳኔ ነው። ሲበዛ ይቀሉና ይሞታሉ፣ ሲያንስ ድምፁ ይደርቃል። ጋሼ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አስተካከሉት። በዚያ ጊዜ ማንም ቦርሳ አላወጣም፤ ሕዝቡ ተምሯል።

ጥር ላይ የመጀመሪያውን ሠርግ ሠራሁ። ድምፁ ወለል ብሎ ጠርቷል፤ ወፍራሙ ክር ዳሱን ያንቀጠቅጣል። እኔ ምስጋና ስጠብቅ የሙሽራው አጎት መጥተው «ምነው ልጄ፣ ጊታርህን አጠብከው እንዴ?» አሉኝ። መሲንቆ ይዞ አጠገቤ የተቀመጠው አዝማሪም «የፊተኛው ይሻል ነበር፤ ከእኔ ጋር ይነጋገር ነበር» አለ።

ተናድጄ ነበር፣ ሳስበው ግን የሰው ጆሮ የተሠራበትን ይፈልጋል። አባቶቻችን በገና ሲሠሩ ድምፁ ጥርት እንዲል አልተዉትም፤ በክሩና በመቆሚያው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አስገብተው ሆን ብለው እንዲነዝር አደረጉት። መሲንቆም በፈረስ ጭራ ተገዝግዞ ነው የሚናገረው። እንግሊዞቹም በኋላ ገባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የኪንክስ ባንድ ጊታር መቺ ዴቭ ዴቪስ ያንን ሻካራ ድምፅ ፍለጋ የእስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ቆረጠ። እኔ ያረጁ ቫልቮች በነጻ የሚሰጡኝን በስሎቫኪያ ለውጬ መጣሁ። አሁን ለሠርግ ስሄድ የድምፁን ቁልፍ አዲሶቹ እስኪሻክሩ ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ፤ አጎትየውም ሌላ ሠርግ ላይ አግኝተውኝ «አሁን ቆሸሸ፣ ጎሽ!» አሉ።

አሮጌዎቹን ሦስት ቫልቮች እትዬ ወሰዷቸው። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። በሳምንቱ መንገድ ዳር ባለች መደባቸው ሳልፍ ከአንበሳውና ከንግሥተ ሳባ አጠገብ የሸክላ ኢኤል34 ተደርድሮ አየሁ፤ ክብ፣ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጉልላት፣ ጎኑ ላይ የሳህኑ መስኮት ሳይቀር ተፈልፍሎለት። አንድ ቱሪስት አንስቶ አገላብጦ «የፋሲል ግንብ?» ይላቸዋል። እሳቸው ፈገግ ብለው በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«እትዬ፣ ይህ ውሸት አይሆንም?» አልኳቸው ሰውየው ሲርቅ።

«እሱ ጠየቀ እንጂ እኔ መች መለስኩ?» ብለው ብሩን ቆጠሩ። «ይልቅ ትንሿ ሸክላ ለአማርኛ ተናጋሪው አልተሸጠችም፣ ፈረንጅ ግን ይጠይቃታል። ሌላ የታመመ የለህም?»