«ዘንድሮ ጾሙ መቼ ይገባል?»

ድጓ ዓመቱን በዜማ ይከፍለዋል፤ ዘመነ ዮሐንስ፣ ዘመነ አስተምህሮ፣ ጾመ ድጓ፣ ዘመነ ፋሲካ እያለ። ቅዱስ ያሬድ ይህን ሥርዓት የሠራው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አክሱም ላይ፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ እንደሆነ አባቶቻችን ነግረውናል። ያኔ የአገሬን የጋይንትን ገበሬ አማክሮ ነበር ቢሉኝ ግን አላምንም። ቢያማክረው ኖሮ ገበሬው አንድ የሰርግ ዘመን፣ አንድ የአጨዳ ዘመን፣ አንድም «አባ፣ ዛሬ አልመጣም፤ ወንዙ ሞልቷል» የሚባል ዘመን ሳያስጨምረው አይለቀውም ነበር።

እኔ ድጓ የቀጸልኩት ቤተ ልሔም ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ድጓን ጎጃምም ይማሩት ወሎ፣ ምስክር የሚሆኑት ጋይንት መጥተው ቤተ ልሔም ነው። እዚሁ አገራችን ዙር አምባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት ይመሰከራል። ስለዚህ ጋይንት ከገብስና ከድንች ቀጥሎ የምታመርተው ዜማ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየበሩ ውሻ ጋር እየተከራከረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይውላል። ሌሊት ደግሞ ይዘቱን ከደረቱ፣ ርክርኩን ከቁርጡ ሲለይ ያድራል። እነዚህን የዜማ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል። ሁለቱ ተስማምተው በሠሩት ነገር እኛ አንዱን ርክርክ እንዴት እንደምንለው ሳንስማማ ሌሊቱ ይነጋብን ነበር።

ከዚያ ስወጣ፣ አንድ ሰው እኩለ ሌሊት ቀስቅሶ «የነገው ዋዜማ ምንድን ነው?» ቢለኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እመራለሁ ብዬ እኮራ ነበር። እስከ ዛሬ ቀስቅሶ የጠየቀኝ የለም። የሚቀሰቅሱኝ ለክርስትና፣ ለቀንዲልና ላም ጠፋች ብለው ነው።

ምእመኔ በሙሉ ጆሮው የሚሰማኝ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ መስከረም 1። ስለ መጥምቁ ዮሐንስ የማስተምረውን ግማሹ እያዛጋ ይሰማል። «ዘመኑ የማን ወንጌላዊ ነው፣ ነነዌ በስንት ይገባል፣ ዐቢይ ጾምስ?» ወደሚለው ስሻገር ግን ሳል እንኳ ይቆማል። ከኋላ በግድግዳው ሥር የሚያንቀላፉት ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች ሕፃኑን ያጠባሉ፣ እንዳያለቅስ። መጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳይ ለጾም ያላቸው ፍቅር ልቤን ነክቶት ነበር። ባለቤቴ ናት ያስረዳችኝ። «ሰርግ ሊደግሱ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾም ሰርግ የለም። ዐቢይ ጾም ሲፈጥን የካቲት 1፣ ሲዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ያለው የሰርግ ጊዜ አንዳንዱ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ የነነዌ ሦስት ቀን ይቀነሳል። አንዳንዱ ዓመት ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ መካከል አንዱ ድንኳን፣ አንዱ ትልቅ ጋንና አንዱ አዝማሪ ለሠፈሩ ሙሽራ ሁሉ መድረስ አለበት።

አንድ ዓመት ጾሙ ፈጥኖ ገባ። ሦስት ሴት ልጆቹ የታጩለት አንድ የንስሐ ልጄ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ሊሳለም መጥቶ አልሄድ አለ።

«አባ፣ ትንሽ ወደ ፊት አይገፋም?»

«ልጄ፣ እኔ አይደለሁም ያስገባሁት። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ ናቸው የሚወስኑት።»

ትንሽ አሰበ። «እነሱስ ቢሆኑ የየት አገር ሰዎች ናቸው? ሽማግሌ እንላክባቸው።»

ሽማግሌ ቢልክ ደስ ባለኝ፤ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ያሳለፍኩትን መከራ የሚካፈለኝ ሰው አገኝ ነበር። ልጆቹን ግን በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ቀን ዳራቸው። ሦስት አማች በአንድ ጊዜ ጉልበት ሲስሙት ሳይ፣ አበቅቴም ለካ የሚጠቅመው ሰው አለ አልኩ።

ወደ ኋላ ልመለስና ስለ ጽጌ ባጭሩ ላውራ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ለኔ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጡብኛል። ምድሩ አደይ ለብሶ፣ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ቆመን እናድራለን። ወጣቶቹም ያለ ቀስቃሽ ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ አልመረምርም፤ ከጥር ሙሽሮች ስንቶቹ በጽጌ ማኅሌት እንደተያዩ ግን የንስሐ አባት ያውቃል።

ጭንቁ ያለው ኅዳር ላይ ነው። ገብሱ ይደርሳል፣ ስንዴው ይደርሳል፣ ጉና ደግሞ ራሱ ላይ ደመና ይቆልላል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ከኔ ይልቅ ለሰማይ ስለሚቀርብ ገበሬው የሚያምነው እሱን ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ኅዳር 12 የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ይውላል፤ ወዲያው 21 ጽዮን ትመጣለች። የየወሩ አቦ፣ ሥላሴ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለምና በዓለ ወልድ ሳይቆጠሩ ነው ይህ። አንድ ጎልማሳ ማጭዱን በጋቢው ሸፍኖ የሚካኤል ዕለት በር ላይ ጠበቀኝ።

«አንቱ አባ፣ በረዶን የሚያዘው ማን ነው?»

«እግዚአብሔር።»

«በማን በኩል?»

ወጥመዱን ሳላየው «በመላእክቱ» አልኩ።

«እንግዲያው አለቃቸው ዛሬ በዓሉ ነው፤ ሥራ አይገባም። በረዶውን ማን ይከልክልልኝ?»

ድጓ ቤት ለዚህ መልስ አላስተማሩንም። ይህ የቅኔ ቤት ጥያቄ ነው። ቢጨንቀኝ «የራስህን ተው፤ የባልቴት አዝመራ ማንሳት ግን ምሕረት ነውና ይቻላል» አልኩት። ወሬው ከኔ ቀድሞ ሠፈር ገባ። በቀጣዩ በዓል ያልታጨደ የባልቴት ማሳ አልነበረም፤ ባልቴት ያልሆነችም ሴት አልነበረችም። አንዱማ ማሳውን በሙሉ «የእናቴ ነው» ብሎ አጨደው። እናቱ በማግስቱ መጥተው «አባ፣ መሬት ተሰጥቶኛል አሉ፤ የት ነው?» አሉኝ።

በዓል አስከባሪው ቄስ ከድካሙ ነጻ ነው እንዳትሉ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን ርስትና ጉልትም አብሮ አከተመ። ከዚያ ወዲህ እኛም እንደ ጎረቤታችን ሁለት በሬ፣ አንድ ሞፈርና አንድ ቁራጭ ማሳ ይዘን የምንኖር ገበሬዎች ነን። ልዩነታችን ጎረቤቴ በበዓል ቀን ጎህ ሳይቀድ ተደብቆ ጥቂት ሊያጭድ መቻሉ ነው። እኔን ግን ጠምጥሜ ከሩቅ ስለምታይ አገር ሁሉ ይጠብቀኛል። በወረዳው እንደኔ በሬዎች በዓላቱን አክብሮ ያረፈ ከብት ያለ አይመስለኝም። በረዶውም ሲመጣ የካህንና የምእመን ማሳ አይለይም፤ በዚህ በኩል ሃይማኖቱ የቀና ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው ይሰቀላል፣ ጸናጽሉ ዝም ይላል፤ በመቋሚያ ብቻ ዝማሜ እንሠራለን። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ይሰበሰባል። ባዶ ሆድ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ የዐቢይ ጾም ስብከቴ ከዓመቱ ሁሉ አጭሩ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሁሉ የተመሰገነውም እሱ ነው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር የገቡት የንስሐ ልጆቼ የሚደውሉትም በዚህ ጊዜ ነው። ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልኩን አነሣለሁ። «አባ፣ እኔ ያጠፋሁት ነገር…» ሲል ይቋረጣል። ተመልሶ ሲገባ «…ስለዚህ ይፍቱኝ» ላይ ደርሷል። እግዚአብሔር ይፍታህ ከማለት በቀር ምን አደርጋለሁ? መካከሉን አየር ወስዶታል።

ስቅለት ዕለት ግን ፊት ለፊት ነው። ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል። ማታ ላይ እየቀረበ ጥፋቱን ይናገራል፤ እኛ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረግን የሚሰግደውን እንነግረዋለን። ይህ ሰዓት ከቅዳሜ ገበያ የሚለየው ዕቃ ስለሌለበት ብቻ ነው። የንስሐ ምሥጢር አይወጣም፤ የምነግራችሁ ሰውዬ ግን ጆሮው ስለደከመ ጥፋቱን ለግቢው ሁሉ ነው የተናገረው።

«ረቡዕ ወተት ጠጥቻለሁ።»

«ስንት ረቡዕ?»

«ላሚቱ የታለበችበትን ያህል።»

«መቶ ስገድ።»

«ኧረ አባ! ጉልበቴስ? ሃምሳ ያድርጉልኝ። ሃምሳውን ሚስቴ ትስገድ፤ ያለበችው እሷ ናት።»

ሚስቱ ከሴቶቹ ወገን ቆማ ሰማች። «ከሰገድኩስ ለሰጠሁህ ሳይሆን ለራሴ ስላላስቀረሁ ነው» አለች። ያን ጊዜ በስቅለት መሣቅ ስንት እንደሚያሰግድ የሚወስንልኝ ካህን ፈልጌ አጠገቤ ወዳለው ዞርኩ፤ እሱም ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ነበር።

ሰኔ 26 ዘመነ ክረምት ይገባል። ድጓው ስለ ዝናብ፣ ስለ ደመና፣ ስለ ዘር ያዜማል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ምህላ እናደርሳለን፤ ሲበዛም ምህላ እናደርሳለን። አንድ ጊዜ ስለ ዝናብ ለምነን ሳምንት ሳይሞላ ዶፉ ድልድይ ይዞ ሄደ። አንዲት ባልቴት «ባለፈው ስንለምን መጠኑን ሳይጠቅሱ ቀሩ» አሉኝ። ያም ሆኖ በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ጭቃው የሚያስቀረው ሰው የለም። ዓመቱን ያልታየ ሁሉ ልጁን አዝሎ ለቍርባን ይመጣል። ግቢው ሲሞላ ደስ ብሎኝ ባለቤቴን «አየሽ?» ብላት «እሰይ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢመጡ አንቱ መቼ ሊያርሱ ነበር?» አለችኝ። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ራሱ ጸበል ነው፤ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ይሮጡበታል፣ ሴቶቹ ለቡኾ ይቀበሉታል፤ ስብከት የማያስፈልገው ቀን ቢኖር ይህ ነው።

ከክረምት ጋር ያለኝ ጠብ በጣሪያው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የሣር ክዳን ነበረች። ሕዝቡ አዋጥቶ ቆርቆሮ ሲያለብሳት እልልታው ሸለቆ ተሻገረ። ሐምሌ ሲመጣ ያላሰብነው ታየ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አንድ ክንድ የራቀ ሰው አይሰማም። ዲያቆኑ ተነሡ ሲል የተቀመጡት እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ዝናቡ ድንገት ሲያባራ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ሰምተው በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላሉ። ለምኑ አሜን እንዳሉ አትጠይቁኝ፤ አንድ ጊዜ «ሰይጣን ደግሞ እንዲህ ይለናል» ብዬ ነበር ያባራው።

ቤተ ልሔም ሳለን ከሣር ጎጆ ሥር ነበር የምናዜመው፤ ሣር የዝናቡን ድምፅ ይውጠዋል፣ ሰውነታችንን ግን አያርሰውም። የቤተ ልሔም ሣር ሌላም ነገር ውጦ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የሚባል ከእንግሊዝ አገር የመጣ ወጣት ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውጭ ሲያያት እንደማንኛዋም ክብ የሣር ክዳን ነበረች። ውስጥ ሲገባ ግን ከሣሩ ሥር በድንጋይና በእንጨት የተሠራች፣ የአክሱም አሠራር ያላት፣ አራት ማዕዘን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አገኘ። አገኘ መባሉ እኔን ያስቀኛል፤ የሚቀድስበትን ቤት ያላየ ቄስ ያለ ይመስል! ቢሆንም ሣሩ እስከዚያ ድረስ ምሥጢር መጠበቁን አደንቃለሁ። ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ምግባር የለውም፤ አንድ ጠብታ ቢነካው ለአገር ሁሉ ያወራል።

እንግዲህ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሠራ የሚል ሐሳብ ለሰንበቴው ማኅበር አቀረብኩ። «ስብከት እንድትሰሙ ነው» አልኳቸው። ጠላው እየዞረ ብዙ ተነጋገሩበት። አንዱ ገንዘቡ ከየት ይመጣል አለ፤ አንዱ አይጥ ይራባበታል አለ። አንድ አዛውንት ደግሞ «ክረምት ለአባም ጉሮሮ ዕረፍት ነው» ብለው አዘኑልኝ። እጅ ሲወጣ ኮርኒሱን የደገፉት ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ የሚቆሙት ናቸው። ከፊት የሚቆሙት፣ ዓመቱን ሙሉ ስብከቴን አጥርተው የሚሰሙት፣ አንድ ሳይቀሩ ተቃወሙ። ጉዳዩ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንዲታይ ለጥቅምት ተቀጥሯል።