ውሃ እያሞቁ ሰው ስለ ማብረድ የተሰጠ ምክር

በቤቱ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አሠርቶ ውሃውን በጋዝ ለማሞቅ የቆረጠ ባለጸጋ፣ ወይም ይህንኑ ምቾት ለእንግዶቹ ያዘጋጀ ባለሆቴል፣ ገንዘቡን ሁሉ በሚታየው ላይ አፍስሶ ለማይታየው አንዲት ሳንቲም እንኳ እንዳያባክን ከልብ እንመክረዋለን። ዕብነ በረዱ ይታያል፤ በውሃው ላይ የሚያንዣብበው እንፋሎትም ይታያል፤ ከማሞቂያው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕምም የለው፤ እንግዲህ እንግዳ አይቶ ለማያደንቀው ረቂቅ ነገር መውጫ ማበጀት ምን ይረባል?

ማሞቂያውን የምታኖሩበት ክፍል ከቤቱ ሁሉ የጠበበ፣ መስኮት ያልወጣለት፣ ቢቻልም ከመኝታ ቤት ሥር የዋለ ይሁን። የምሕንድስና ሊቃውንት 1 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ በሚገባ ይነድ ዘንድ 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይሻል፣ ስለዚህም አንዱ ከኮርኒሱ ሥር፣ ሌላው ከወለሉ በላይ ሁለት የአየር መግቢያዎች ይከፈቱ እያሉ ሲደክሙ ይኖራሉ፤ እናንተ ግን በእነዚያ ቀዳዳዎች ብርድና አይጥ እንደሚገባ ስለምታውቁ በአሮጌ ጋቢ ወትፏቸው። አየር ያጣ እሳት ሥራውን ሳይፈጽም ስለሚቀር ሰማያዊው ነበልባል ወደ ብጫነት ይለወጣል፣ ጥላሸትም ያመጣል፤ ነገር ግን ብጫው ነበልባል እንደ ጧፍ ብርሃን ለዓይን ያማረ ነውና ይህን አይታችሁ ባለሙያ ለመጥራት አትቸኩሉ።

ክሎሪኑንም በዚያው ክፍል ከማሞቂያው አጠገብ ከምሩት። ትነቱ ከአየሩ ጋር ወደ እሳቱ ሲገባ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱም የማሞቂያውን አካልና የጭስ መውጫውን ብረት በዝግታ ይበላል፤ ቧንቧው ከኮርኒሱ በላይ ተሸሽጎ ስለሚኖር ግን ዝገቱን አይቶ የሚነዘንዛችሁ አይገኝም።

ስለ ቧንቧው አነጣጠፍ ደንቡ፣ አግድም የሚሄደው ክፍል በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል እያሻቀበ ወደ ውጭ ይውጣ ይላል፤ እናንተ መካከሉ ረግቦ ሆዱን እንዲጥል ተዉት፣ ከጭሱ የሚቋጠረው ውሃም በዚያ ተጠራቅሞ አሲዱ የጀመረውን ይጨርስለታል። የመውጫውን አፍ ደግሞ ከመስኮት ወይም ቤቱ አየር ከሚስብበት ቀዳዳ ጎን አድርጉት። በ1977 እ.ኤ.አ. የአውስትራልያን የቴኒስ ውድድር ያሸነፈው አሜሪካዊው ቪታስ ጌሩላይቲስ፣ በሴፕቴምበር 1994 በኒው ዮርክ ግዛት ሳውዝሃምፕተን ላይ በወዳጁ የእንግዳ ማረፊያ ጋደም ባለበት፣ እንደ ሥርዓቱ ያልተተከለ የመዋኛ ማሞቂያ ጭስ ወደ ቤቱ ሰርጎ ገብቶ በ40 ዓመቱ ሕይወቱን አሳልፏል፤ የስፖርተኛ ሳንባም ለዚህ ነገር ምንም አይረዳም።

ከገንዳው የሚነሣው እርጥበት ግድግዳውን እንዳያሻግተው ኃይለኛ የአየር ማስወጫ ፋን ማስገባት ተገቢ ነው፤ በወጣው አየር ፈንታ የሚገባ ግን አታዘጋጁ። ፋኑ የቤቱን አየር መጥጦ ሌላ የሚያገኝበት ሲያጣ በጭስ መውጫው በኩል ቁልቁል ይስባል፤ ወደ ሰማይ ያርግ ዘንድ መንገድ የተሠራለት ጭስም ተመልሶ በቤተሰቡ ላይ ይወርዳል።

በአገራችን ከሰል የምታቀጣጥል እናት ጭሱ እስኪያልፍና ፍሙ እስኪቀላ ማንደጃውን በደጅ ታቆየዋለች፤ ከዚያ ወደ ቤት አስገብታ፣ ጭስ ከሌለ ሞት የለም ብላ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ የሚገድለው ግን ከቀላው ፍም የሚወጣው የማይታየው ነው። ይህ ስሕተት ለድኻ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ባለገንዳውም የከሰሉን ማንደጃ በውድ ማሽን ለውጦ ከዚሁ ዕድል ሊካፈል ይችላል።

ከቤተሰቡ ወይም ከእንግዶች መካከል ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሲገኝ ምች መትቶት ነው በሉ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ቢታመሙ ጉንፋን ገብቷል በሉ። በሽተኛው ወደ ደጅ ሲወጣ ሻል ካለው፣ የደጁን አየር አመስግናችሁ ዕረፍት ያደርግ ዘንድ ወደዚያው ክፍል መልሱት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደሙ ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሆነ ቀሪውን ሥራ ራሱ ይፈጽመዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በተመለከተ፣ ጩኸቱ የእንግዶችን እንቅልፍ ይነሣልና ባይገዛ ይመረጣል፤ ከተገዛም ባትሪው ይውጣ።

ይህ ምክር ተፈጻሚነት የለውም የሚል ቢኖር፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በቡን ከተማ የሆነውን ይመልከት። በኤፕሪል 2013 ከአንድ ሆቴል የመዋኛ ማሞቂያ ክፍል በላይ በሚገኘው በ225 ቁጥር ክፍል ያደሩ አረጋውያን ባልና ሚስት ሞተው ተገኙ፤ ምክንያቱ ወዲያው አልታወቀም፣ ክፍሉም ቆይቶ እንደገና ለእንግዳ ተከፈተ። በጁን በዚያው ክፍል የ11 ዓመት ልጅ ሞተ፣ እናቱ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከክፍሉ ሥር የሚያልፈው የማሞቂያው ጭስ መውጫ ዝጎ ተበሳስቶ ተገኘ። የሟቿ ሚስት የደም ምርመራ ውጤት መርዙን ገልጾ የወጣው ልጁ ከመሞቱ በፊት ነበር፤ ይሁን እንጂ ክፍሉን የሚዘጋ ሰው አልተገኘም። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ሆቴሎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲያኖሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ሦስቱ በሞቱበት ጊዜ ግን በ225 ቁጥር ክፍል መሣሪያው አልነበረም።