የጎማ ንፋስ አዋጅ ቁጥር 78

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ቀዳማዊ ንፋስ፣ ባለ ጣርማ በር፣ የገደል ጌታ፣ ባርኔጣ ቀማኛ፣ ከመንዝ ደጋ እስከ ይፋት ቆላ እንደ ልባችን የምንመላለስ፣ ከፊታውራሪ ጉምና ከደጃዝማች ውርጭ ጋር መክረን ይህን አውጀናል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራችንን 587 ሜትር ሲበሳው ፈቃድ አልጠየቀንም፤ ዝም አልን። እንዲያውም ዋሻውን አዳራሽ አድርገነዋል። አሁን የሰማነው ግን ዝም አያሰኝም። አንድ ባለመኪና አዲስ አበባ ላይ ጎማውን በናይትሮጅን አስሞልቶ፣ አረንጓዴ ክዳን አስገጥሞ መጥቶ፣ ደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠመ «የእኔ ጎማ የያዘው ተራ ንፋስ አይደለም» ሲል ተሰምቷል። ተራ!

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ «ተራ ንፋስ» ማለት እኛ ነን። ከ100 እጃችን 78ቱ ናይትሮጅን፣ 21ዱ ኦክስጅን ነው። ባለመኪናው የከፈለው 78ቱን ወደ 95 ገደማ ለማስጠጋት ነው። የቀረውን በየቀኑ በነጻ ፊቱ ላይ ስንነፋበት ኖረናል።

አንቀጽ 2፤ ለናይትሮጅን ስለሚገባው ክብር

ልጃችንን አንሰድብም። በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ የሜክሲኮ ቦይንግ 727 ፍሬኑ ይዞ ጎማው ከልክ በላይ ጋለ፤ ከተነሳ በኋላ ንፋስ የተሞላው ጎማ አየር ላይ ፈነዳና 167 ሰው አለቀ። በዓመቱ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ፍሬን ያለው ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከ100 እጅ 5 እንዳይበልጥ አዘዘ። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ ቦይንግ ናይትሮጅን ቢሞላ ይገባዋል። ከላምበረት የሚነሳ ሚኒባስ ግን፣ ምንም እንኳ አንዳንዱ ሾፌር ቢሞክርም፣ አይበርም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ቁልቁለቱ

«ናይትሮጅን ሲሞቅ አይነፋም» የሚል ወሬ ደርሶናል። ሐሰት ነው። ከእኛ ደጅ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት፣ የሚወርድ ጎማ ሁለት ነገር ያገኘዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 1 ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። በሌላ በኩል ቆላው ላይ የውጪው አየር ግፊት ከፍ ስለሚል መለኪያው ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል። እንግዲህ በማለዳ ብርድ እዚህ የተለካ ጎማ ሸዋ ሮቢት ጥላ ሥር አርፎ እንደገና ቢለካ ከመነሻው ብዙም አይርቅም፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስድበታል። በዚህ ሕግ ፊት ናይትሮጅንና ተራ ንፋስ እኩል ናቸው። (እንዲህ የማያዳላ ዳኛ ያለው ሌላ ጉዳይ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙን።)

ቁልቁለቱ ላይ ጎማ የሚያነደው የጋዙ ዓይነት ሳይሆን የሾፌሩ እግር ነው። ከዋሻው ደብረ ሲና ድረስ ፍሬን እንደ ረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑንም ቸርኬውንም ያግላል። በከባድ ማርሽ ያልወረደ እንደሆነ ፊታውራሪ ጉም ይጠይቀዋል።

አንቀጽ 4፤ ስለ መተንፈስ

ናይትሮጅን ከጎማ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ አንክድም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 31 ዓይነት ጎማዎችን በ30 ፒኤስአይ ሞልቶ ዓመት ሙሉ አቆያቸው። ናይትሮጅን የያዙት በአማካይ 2.2፣ ተራ ንፋስ የያዙት 3.5 ፒኤስአይ ቀነሱ። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ነው! በአንድ ሚስማር ቀዳዳ የሚወጣውን ያህል እንኳ አይሆንም፤ ሚስማር ደግሞ ጋዝ አይመርጥም።

አንቀጽ 5፤ ለጎሚስታዎች

ናይትሮጅን የሚበልጠን በድርቀቱ ነው፤ እርጥበት ቸርኬ ያዝጋል። ስለሆነም የኮምፕሬሰራችሁን በርሜል ውሃ በየጊዜው አፍስሱ። ይህን ካደረጋችሁ ልጃችን በእኛ ላይ የሚኮራበት ብዙ አይቀረውም። ናይትሮጅን የያዘ ጎማ ጎድሎ ሲመጣም ያለ ሐሳብ ንፋስ ጨምሩበት፤ አይጣሉም፣ ዘመዳሞች ናቸው።

አንቀጽ 6፤ ስለተሻሩ ልማዶች

ጎማን በእርግጫ መለካት ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል። ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሲሆን ስኮርት ጎማም ይጨመራል። ሲገዛም ጎኑ ላይ የታተሙት 4 አሃዞች ይነበቡ፤ 2316 የሚል ጎማ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ናይትሮጅን ወጣት አያደርገውም።

አንቀጽ 7፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በዋሻው አፍ ከተነፋበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ባለመኪና ሆይ፣ ናይትሮጅን በነጻ ከሰጡህ ተቀበል፤ ብር ከጠየቁህ ግን በብሩ የጎማ መለኪያ ግዛበት።