ሴቪያ በወንዝ

ውሃ ያሳደጋትን ከተማ በውሃ ሄዶ ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አውሮፓ ብዙ ዘመን የኖሩት ባለጀልባው ዘመዳችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ «ነይ፣ በጓዳልኪቪር ወንዝ ሽቅብ ወደ ሴቪያ ልንወጣ ነው» ሲሉኝ ጓዜን ሸክፌ ስፔን፣ ሳንሉካር ደረስኩ።

ወንዙ አትላንቲክን የሚገናኘው እዚያ ነው። መርከበኛው ማጄላን እ.ኤ.አ. በ1519 አምስት መርከቦች ይዞ ወደ ውቅያኖስ የወጣው ከዚሁ ነበር፤ በ1522 ከአምስቱ አንዷ፣ ቪክቶሪያ፣ ዓለምን ዞራ 18 መርከበኞች ይዛ የተመለሰችውም ወደዚሁ ነው።

ከዚያ እስከ ሴቪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መነሳት ያለብን ባሕሩ መሙላት ሲጀምር ነው። ሙላቱ ወንዙን ወደ ኋላ እየገፋ ሽቅብ ይወጣል፤ አብራው የምትጓዝ ጀልባም ዳር ቆሞ ከሚያየው ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ሰዓት ሙላቱን ታገኛለች። ሙላቱ ያመለጠው ግን ወንዙም ባሕሩም አብረው ይወርዱበታል።

በግራችን የዶኛና ጥብቅ ደን አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ዳርቻው ሁሉ ረግረግና የሩዝ ማሳ ነው። ሜዳ፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። እኔ ግን አልሰለቸኝም።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ ሞተሩ ጋለና የማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኸ። ጋሼ ወዲያው አጠፉት፤ ነፋስ ስላልነበረ ሸራውም አልረዳንም። ከመርከቦቹ መስመር ፈቀቅ ብለን መልህቅ ጣልን። ሴቪያ እስከ ዛሬ የባሕር መርከብ የሚገባባት ወደብ ናትና አንድ የጭነት መርከብ በአጠገባችን ሲያልፍ ጀልባችን ክፉኛ ተናወጠች። «አይዞሽ ልጄ፣ ሰንሰለቱን ብቻ እዪልኝ» አሉኝ። የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያጣራው ወንፊት ሲከፈት በደለልና በስብርባሪ ሸምበቆ ታጭቋል፤ ጭቃው እንደ ገንፎ ወፍሯል። አጥበን መልሰን ስንገጥመው ሙላቱ አልፎ ነበር። ሌሊቱን እዚያው አደርን፤ ትንኙ አይጣል ነው።

እጄ ላይ የደረቀውን ደለል እያራገፍኩ ስለ ሴቪያ ዕጣ አሰብኩ። ከ1503 ጀምሮ የስፔንና የአሜሪካ ንግድ የሚታዘዘው ከዚህች ከተማ ነበር። መርከቦቹ እያደጉ ሲሄዱ ግን ደለሉና የወንዙ አፍ አሸዋ ጉዞውን አከበዱት፤ በ1717 ንግዱን ያዝ የነበረው መሥሪያ ቤት ወደ ውቅያኖስ ዳሯ ካዲስ ተዛወረ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሌላም ምክንያት ይጠቅሳሉ። እኔ ያንን ጭቃ በእጄ ስለዛቅሁ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን እጠራለሁ።

በማግስቱ ከሙላቱ ጋር ወጣን። ከተማው ውስጥ ያለው ውሃ ከባሕሩ መውጣትና መውረድ የተለየ ስለሆነ፣ በሬዲዮ ፈቃድ ጠይቀን በሁለት መዝጊያዎች መካከል ውሃው እስኪስተካከል ቆመን ገባን። ከዚያ ወዲያ ያሉት ዝቅተኛ ቋሚ ድልድዮች የጀልባዋን ምሰሶ አያሳልፉም፤ ስለዚህ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሙስሊም ገዢዎች ወንዙን እንዲጠብቅ እስካቆሙት የወርቅ ግንብ ድረስ በእግራችን ሄድን።

ጋሼ አሁን የመመለሻውን ሰዓት እያሰሉ ነው። ቁልቁል ሲወረድ አዲሱ ሙላት ከፊት ስለሚመጣ በአንድ የባሕሩ ጉድለት ሳንሉካር መድረስ ይከብዳል፤ መንገድ ላይ መልህቅ የምንጥልበትን ቦታ ከወዲሁ መርጠዋል።