ከኮልፌ ቀራንዮ ለማድሪድ፤ ስለ አንዲት ወንበር የቀረበ ማመልከቻ

ለንጉሣዊው የስፔን አካዳሚ
ፌሊፔ 4ኛ ጎዳና፣ ማድሪድ

ጉዳዩ፦ «ኘ» የተባለች ወንበር እንድትፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡራን የአካዳሚው አባላት፦

ማኅበራችሁ እ.ኤ.አ. በ1713 ከተመሠረተ ወዲህ ከኮልፌ ቀራንዮ ደብዳቤ ደርሷችሁ አያውቅ ይሆናል። የክፍለ ከተማው ሰው ሥራ በዝቶበት ነው። አሁን ግን ነገራችሁን ጠይቆ ተረድቷል፤ 46 ወንበር አላችሁ፣ እያንዳንዷ በፊደል ትጠራለች፣ አንዴ የተቀመጠባትን ሰው ሞት ካላስነሣው ማንም አያስነሣውም፣ ሐሙስ ሐሙስም እየተሰበሰባችሁ ስለ ቃላት ትመክራላችሁ። ይህን የሰማ የአየር ጤና ሽማግሌ ማብራሪያ አይፈልግም። ዕድር ነው። የአየር ጤናው ዕድር ድንኳንና ብረት ድስት አለው፤ የማድሪዱ መዝገበ ቃላት።

መፈክራችሁም ተሰምቷል፤ «ያጠራል፣ ያጸናል፣ ያደምቃል»። በነሐሴ ጭቃ ከዓለም ባንክ ሰፈር እስከ ጦር ኃይሎች የተጓዘ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። የልብስ ሳሙና ይመስለዋላ!

ወደ ጉዳዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ቋንቋችሁን እንደ ውሃ የሚያወርዱት፣ ሲበሳጩም የሚሳደቡበት ሰዎች አሉ። ከተማው «ኢትዮ-ኩባ» ይላቸዋል። ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ ስፓኒሽ ሲጀምሩ ግን ጥርስ ከለወጡ ገና ብዙም ያልቆዩ ነበሩ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴንን ወረረ፤ ኩባ ከ15 ሺህ የማያንስ ወታደር ላከች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ድሉ አባት አልባ ያደረጋቸው ልጆች ነበሩ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ እነሱንና ሌሎችን በሺዎች እየቆጠረ በባሕር አሻግሮ ወደ ኩባ ሰደዳቸው። ወታደር መጣ፣ ልጅ ሄደ። የሂሳብ አያያዙን ለታሪክ ሰዎች መተው ይሻላል።

ያረፉባት ደሴት የጥድ ደሴት ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት ተባለች። ፊደል ካስትሮ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 የታሰረባት ናት፤ ሰውዬው የታሰረበትን ቦታ ትምህርት ቤት ማድረግ ሳይወድ አልቀረም። ልጆቹ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ግማሽ ግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ ያሳልፉ ነበር። ከኢትዮጵያ የሄዱ መምህራን አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሯቸዋል፤ የቀረውን በሙሉ ስፓኒሽ ጠቀለለው። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያሉት የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆች ናቸውና ለመጣላትም ለመታረቅም ሌላ ቋንቋ የለም። እናንተ እንዲህ ያለ የማስተማሪያ ዘዴ በ300 ዓመት ውስጥ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ሀቫና። ዩኒቨርሲቲ የደረሰው በፈጣኑ የሩሲያ ጀልባ ባታባኖ ወደብ ይወርድና ሁለት ሚሊዮን ሰው ያለበት ከተማ ይቀበለዋል። መጽሐፍ ያላስተማረውን ስፓኒሽ የሚማረው እዚህ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ሰልፍ ነው። የሀቫና ሰው ሲሰለፍ ተገትሮ አይቆምም። መጥቶ «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጮሃል፣ አንዱ እጁን ያነሣል፣ እሱን በዓይኑ ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ዳቦም፣ ሳሙናም፣ ፊልምም በዚህ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቬዳዶ ላይ የተከፈተው ኮፔሊያ አይስክሬም ቤት ሰልፉ ለሰዓታት ስለሚዘልቅ፣ ኃላፊና ትንቢት ግሥ ሲለማመድ ውሎ አይስክሬሙ ጋ የሚደርስ ተማሪ ቢኖር አያስገርምም። ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ይህን ጥበብ ቢሞክር ግን «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ዞር ሲል መጨረሻው ራሱ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ሰልፍ በእግር ነው የሚያዘው።

ምግቡም ቋንቋ ያስተምራል። የአሳማ ሥጋ የኩባ የበዓል ክብር ነው፤ ያገራችን ልጅ ደግሞ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም እናቱ ቤት ስሙ እንኳ ሲነሣ የሚያማትብ ወይም የሚጸየፍ ነው። እንግዲህ አክባሪ ሆኖ «አልበላም» ማለትን በስንት ዓይነት አረፍተ ነገር እንደሚማር ገምቱ። ጤፍ የለም፤ ሩዝና ጥቁር ባቄላ አለ። ቡናው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ በራሽን የሚታደለው የተቆላ አተር ተቀላቅሎበት ይቀርባል። የከፋና የይርጋጨፌ አገር ልጅ አተር ጠጥቶ «ቡናው ጥሩ ነው» ብሎ ባለቤቲቱን አመስግኖ የወጣ ቀን የቋንቋ ፈተናውን አልፏል፤ ሌላ ምስክር ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው።

አሁን ማመልከቻው ወደሚያመው ቦታ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ስፔንን «ኘ የሌለበት የኮምፒውተር ገበታ እንዳይሸጥ የከለከላችሁበትን ደንብ አንሡ» አላት። ያቺ በራሷ ላይ ሞገድ የደፋች ኤን ማለት ነው። ማድሪድ ተቆጣች። አካዳሚው ተቃውሞውን አሰማ፣ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝን የሚያህል ደራሲ ጠበቃ ሆኖ ቆመላት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የስፔን መንግሥት በአዋጅ አጸናት። ይበል! ፊደል እንዲህ ያለ ወገን ይገባታል።

የኘ ሙግት በተነሣበት በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ልጆቹን የላከው መንግሥት ከዚያች ቀን ወዲያ የለም። የፈረንጁ ዓመት ሳያልቅ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰችና የተቀበለቻቸው ኩባም ነዳጅ አጣች፤ አውቶቡሶቹ ቆሙ፣ ከቻይና በገፍ የመጣ ብስክሌት መንገዱን ሞላው፣ መብራት ሄዶ በመመለስ ፈንታ መጥቶ ይሄድ ጀመር። እሺ ክቡራን፣ ቋንቋችሁን በሞገዷ ሳይቀር አጥርተው የሚናገሩት እነዚህ ወጣቶች ከሁለት መንግሥት መሐል ሲወድቁ የትኛው አካዳሚ መግለጫ አወጣ? የትኛው ደራሲ ጻፈ? አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ እዚያው ቀረ፣ አንዳንዱ ሌላ ባሕር ተሻገረ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በኋላ ስለነሱ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች፤ ያም በኛው ሰው እጅ መሆኑ ይመዝገብ።

የተመለሰው ሐኪሙም መሐንዲሱም ዲፕሎማውን ይዞ ቢሮ ሲቀርብ «ይተርጎም» ይባላል። ትክክል ነው፤ ስፓኒሽ ነውና። አስተርጓሚ ፍለጋ ሲወጣ ግን የሚያገኘው እዚያው ወረፋ ላይ ከኋላው የቆመውን የክፍል ጓደኛውን ነው። ለመታሰቢያ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ የትግላችን ሐውልት ቆሞላቸዋል እንዳይባል፣ እሱ የወታደሮቹ ነው። ልጆቹ ሐውልት የሚያህል ድንጋይ አልጠየቁም፤ ወንበር ይበቃቸዋል።

ስለዚህ የወንበሯ ጉዳይ እንዲህ ነው። በእናንተ ጉባኤ ትንሿ ኘ ወንበር አላት፣ ትልቋ ኘ የላትም። በኮልፌ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም፤ ኘ አንዲት ናት፣ ባርኔጣዋም ከላይ ነው፣ ከነዘሮቿ ሰባት ሆና ትቀርባለች። ቸ ከተገኘች ደግሞ አብራ ትምጣ፤ እናንተ እ.ኤ.አ. በ2010 ራሷን የቻለች ፊደል መሆኗን አስቀርታችሁባታል፣ እዚህ ግን ማንም አልነካትም፣ ጤነኛ ናት። አንድም ገበታ ላይ ለመቀመጥ የማንንም ፈቃድ አልለመነችም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። «ስፓኒሻቸው የኩባ ነው፤ በየቃሉ መጨረሻ ስ ይውጣሉ» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሀቫና ስ ላይ ጾም ይዛለች። ግን አውቶቡስ የሚሉበትን የኩባ ቃል፣ ጓጓን፣ በመዝገበ ቃላታችሁ አስገብታችኋል፤ ጓጓዋን ተቀብሎ በጓጓዋ በር ላይ ተንጠልጥሎ ክፍል የደረሰውን ተማሪ መመለስ አይቻልም። «ከአፍሪካ ማን አለ?» እንዳይባል የኢኳቶሪያል ጊኒ አካዳሚ በጉባኤያችሁ ማኅበር ገብቷል። ኮልፌም ብትሆን ለትምህርት ባሕር ለተሻገረ ሰው እንግዳ አይደለችም፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና ለመውሰድ የመጣው እዚሁ ነው። እሱንም ማንም የቋንቋ ደረጃውን አልጠየቀውም።

«ይቆይ» ካላችሁም ይቆያል። ለመጀመሪያዋ ሴት፣ ለገጣሚዋ ካርመን ኮንዴ፣ ወንበር የሰጣችሁት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከተመሠረታችሁ በ265 ዓመት። ወረፋ ማወቅ ከሀቫና የተማሩት ነውና አመልካቾቹ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ።

እስከዚያው ቋንቋው በሌላ በር እየገባ ነው። ቅዳሜ ማታ ወይራ ሰፈርም ቤቴልም ኳስ የሚያሳይ ቤት ሁሉ «ላሊጋ» እና «ኤል ክላሲኮ» ይላል፤ ይህ ነፃ ትምህርት ነው። ነፃ ያልሆነውም አለ። ደቡብ አሜሪካ ድረስ በርሮ፣ ከኮሎምቢያ ወደ ፓናማ የሚያሻግረውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮዋ ታፓቹላ ከተማ ወረቀት የሚጠብቅ የምሥራቅ አፍሪካ ወጣት አለ። እሱም «መጨረሻው ማነው?» ማለትን እየተማረ ነው። ክፍያው በዶላር ነው፤ ተቀባዩም አካዳሚ አይደለም።

ወንበሯ ከተፈቀደች ስለ ማጓጓዣው አትጨነቁ። ቀላል ባቡሩ እስከ ጦር ኃይሎች ይመጣል፤ ወንበር ይዞ መሳፈር ካልተፈቀደ አይሱዙ ይከራያል፣ ዋጋው ላይ ትንሽ መከራከር ብቻ ነው። መልሳችሁን «ሲስተም የለም» በሚል እንዳታዘገዩ አደራ፤ ያ መልስ እዚህ በብዛት ይመረታል፣ ከውጭ ማስገባት አያስፈልግም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኮፔሊያ አይስክሬም ቤት፣ ሀቫና፤ በ1982 ዓ.ም. የተያዘው ወረፋ እንዳይሰረዝ