አውራ ጣት

የቤት ሥራው የመጣው ከምሽቱ 2፡40 ላይ ነው። ልጁ እራቱን በልቷል፣ ፒጃማውን ለብሷል፣ «ዛሬ ምንም የለንም» ብሎ በእናቱ ስም ምሏል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንዘረዘረ። የ3ኛ ክፍል ወላጆች ግሩፕ ነው። ከፈትኩት፤ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ አንድ ገጽ፣ በፎቶ። ፎቶው በጎኑ ተኝቷል። ይቃናል ብዬ ስልኩን ባዞረው ፎቶውም አብሮኝ ዞሮ ተኛ። አንገቴን ሰብሬ ማንበብ ጀመርኩ። ጥያቄዎቹ 5 ናቸው። 1ኛውና 2ኛው ይነበባሉ፤ 3ኛው ደብዘዝ ቢልም ይገመታል፤ 5ኛው ጥርት ብሎ ይታያል። 4ኛው ላይ ግን የሚስ አውራ ጣት አርፏል።

ጫፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ከነአንጓው ጋደም ብሏል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው የጠመኔ ዱቄት ሳይቀር ይታያል። ከጥያቄው የተረፈው ከፊት «4»፣ ከኋላ «…ሦስቱን ጥቀስ» የሚለው ነው። ምኑን እንጥቀስ?

«አባዬ፣ ዝም ብለን እንጥቀስ» አለ ልጁ፤ እንቅልፉ መጥቷል። «ላም፣ በግ፣ ፍየል።»

«ጥያቄውን ሳናውቅ?»

«ሦስት ከሆነ ሚስ አትቆጣም።»

እኔ ግን ግሩፑ ላይ ልጠይቅ ወሰንኩ። የወላጆች ግሩፕ ላይ ጥያቄ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ልጅ ያስተማረ ያውቀዋል። «ሚስ እንደምን አመሹ፣ ጥያቄ 4 በጣት ስለተሸፈነ ቢላክልን» ብዬ በትሕትና ጻፍኩ። ከስሬ «እሺ ሚስ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት 11 ጊዜ ወረደ። አንዲት እናት የ3 ደቂቃ ቮይስ ላኩ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ እየተሰማ ስለጠፋ ሹራብ ይናገራሉ። «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል ስም ያወጡ፣ የማን አባት እንደሆኑ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው፣ ለ15 ሰው ካላስተላለፋችሁ የሚል ጸሎት ለቀቁ። ሌላው የቱርክ መጋረጃ በቅናሽ አለኝ አለ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ 200,000 ሰው ይችላል ይባላል። እኛ 53 ነን፤ አልተቻልንም።

በመጨረሻ ሚስ መልእክቴን አዩት። መልስም ሰጡኝ፤ አንዲት ቢጫ አውራ ጣት፣ ቀጥ ብላ የቆመች።

ስለ ጣት ጠይቄ ጣት ተመለሰልኝ። ልጁ ተኛ፤ እኔ መተኛት አቃተኝ።

አውራ ጣት እኮ በዚህ አገር እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የእናቴ እናት ዕድር ቤት የሚፈርሙት በእሱ ነበር። ሰማያዊ ቀለም ይነከራል፣ መዝገቡ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ በነጠላ ጫፍ ይጠረጋል። ነጠላው ታጥቦም ቶሎ አይለቅም ነበር ትላለች እናቴ። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አያቴ ከቀበሌው ሴቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። አስተማሪያቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ትናንት አፍንጫውን ሲጠርጉለት የነበረው ኮበሌ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋ እስከ ማስተማር ደረሰ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አመጣ። በእኛ ቤት ያመጣው ደግሞ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ሳጥን ውስጥ አለ። 12 ገጽ ሙሉ የአያቴ ስም ብቻ ተጽፎበታል፤ መጀመሪያ አካባቢ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ወደ መጨረሻው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን ለማንም አልሰጡም ይባላል። አርጅተውም እንኳ ዕድር ጸሐፊው «እማማ፣ እንዲፈጥን በጣትዎ ይሁን» ቢላቸው «ጣትህን ራስህ ንከር» አሉት።

አሁን የልጅ ልጃቸው ስልኩን የሚከፍተው በአውራ ጣቱ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ ለመመዝገብ ሄጄ 10ሩንም ጣቶቼን አንድ በአንድ አስረክቤ ነው የመጣሁት፤ እሱም አልበቃ ብሎ የዓይኔን ብሌን ጨምረው ወሰዱ። ትምህርት ቤቱ ስለ ክፍያም ሆነ ስለ ስብሰባ ሲጽፍ 53 ወላጅ አንድም ፊደል ሳንጽፍ አውራ ጣት እናቆማለን፤ አንብበነው ይሁን ሳናነብ የሚያውቅ የለም። የመገናኛ ደብተር በነበረበት ጊዜ ቢያንስ ቢክ ፈልገን እንፈርም ነበር። አያቴ 12 ገጽ ጽፈው የተገላገሉትን የጣት ፊርማ እኛ ዳታ ገዝተን መልሰነዋል። ደግሞ የእሳቸው ጣት የራሳቸው ነበረች። የእኛዋ ቢጫ፣ የሁላችንም አንድ ዓይነት።

የግሩፑ ነገር የመጣው በኮሮና ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጄ ታላቅ እህት ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ቴሌግራም ላይ ገባ። ለክፉ ቀን ነው ተባለ፣ ልክም ነበር። ኮሮና ሄደ፣ ግሩፑ ግን ቀረ፤ እንደ ድንኳን ተካይ ለቅሶው አልቆም «እስቲ ትንሽ ልቆይ» አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም ሲዘጋ እንኳ አልሞተም። ይሄኛው ልጅ ያኔ ኬጂ ነበር። ቪፒኤን ከፍተን፣ ስልኬ አምስተርዳም ያለሁ መስሎት፣ «ዳክዬዋን ቢጫ ቀባ» የሚል የቤት ሥራ በኔዘርላንድ በኩል ዞሮ ይደርሰን ነበር። ዳክዬዋን ቀባናት።

ለነገሩ እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 9ኛ ክፍል ስገባ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ግድግዳችን ላይ ይወርድልን ነበር። የቴሌቪዥኗ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትጠይቀናለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ» ትለናለች። 60 ተማሪ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ማንም አልመለሰም። የራሳችን መምህር ጥግ ላይ ቆመው እንደኛው ያያሉ። ለአራት ዓመት ያለ ሥራዬ «ቬሪ ጉድ» ተብያለሁና በማሽን መመስገን ብርቄ አይደለም።

ይህን ሁሉ እያሰላሰልኩ በሩ ተንኳኳ። 3 ሰዓት ሊሆን ነው። የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታለች። እናቷ ለሱቆች እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ናት። ስልኳ ባለ ቁልፉ፣ መብራት ሲጠፋ ምጣዱን የምታይበት ባለ ባትሪው ነው። ልጅቷ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ናት። ግሩፑ ውስጥ ግን የለችም፤ ከ53ቱ ውስጥ እናቷ አልተቆጠረችም።

«ጋሼ፣ የቤት ሥራ ተልኳል?»

ሁልጊዜ ማታ ማታ ይህንኑ ትጠይቃለች። ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ግቢ ብትባል አትገባም፤ ጫማዋ እንዳያቆሽሽ ነው መሰል። ስልኬን ይዤላት ከፎቶው ላይ ትገለብጣለች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን እንደኔው ሰብራ። በመሃል ስልኩ ይጠፋል፣ በጣቴ እነካዋለሁ፣ ትቀጥላለች።

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀብኝ። የ8 ዓመት ልጅ ትምህርቷን ለማግኘት የሰው በር ማንኳኳት ያለባት ለምንድን ነው? ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ውላለች እኮ! ደብተር ነበራት፣ እርሳስ ነበራት፣ ፊት ለፊቷ ሰሌዳ ነበር። ጠመኔም ነበር፤ ጥፍር ሥር በዓይኔ አይቼዋለሁ። 5 መስመር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ማለት ስንት ዳታ ይበላል? ታች ስልክ የሌላት እናት ልጅ ያላት አይመስላቸውም? ዘመናዊ የምንለው ነገር ታች ስልክ ላለው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ዘመናዊነቱ ለእኔ ሰነፍ ጣት እንጂ ለልጅቷ ምኗም አይደለም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ላክ የሚለውን ልጫን ስል ልጅቷ «ጋሼ፣ 4ኛው የለም?» አለችኝ።

አልላክሁትም።

ባለመላኬ ደስ ያለኝ ቅዳሜ ዕለት ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሚስ ጋር ተገናኘን። መምህርነት በዚህ ደመወዝ እንዴት እንደሚገፋ ማንም አያጣውምና አልጠየቅኋቸውም። ከትምህርት ቤት እንደወጡ ሁለት ቤት እየዞሩ ያስጠናሉ። ፎቶውን የሚያነሱት ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሦስተኛ ሆነው ተደርበው ነው፤ መጋደሙም ለዚሁ ነው። ፓኬጁን ከኪሳቸው ይሞላሉ። «ሰሌዳ ላይ ቢጽፉላቸውስ?» አልኩ በለሰለሰ አፍ።

«እጽፍ ነበር እኮ» አሉኝ። «መስከረም ላይ በወላጆች ስብሰባ፣ ልጆቹ አጣመው ስለሚገለብጡ በቴሌግራም ይላክልን፣ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

እናንተ ሲሉ አክብረው ነው እንጂ እጁን ያወጣው አንድ ሰው ነበር። በደንብ አውቀዋለሁ። ጭብጨባም ነበር።

ታክሲ መጣ፤ ሒሳባቸውን ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ጥያቄ 4 ምን እንደነበር ልጠይቃቸው አስቤ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል ከአፌ ጠፋ።

የልጄ ደብተር ታርሞ ተመልሷል። «ላም፣ በግ፣ ፍየል» ከሚለው ሥር በቀይ «ታይቷል» የሚል ተጽፎ ተፈርሞበታል። ልክ ነው አይልም፣ ስህተት ነው አይልም፤ ታይቷል። የልጅቷንም ደረጃ ላይ አግኝቼ አየሁት። «እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔ» ብላለች። የእሷም «ታይቷል»። ላምና እናት አብረው የሚጠቀሱበት ጥያቄ ምን ሊሆን እንደሚችል ባለቤቴን ብጠይቃት «ወተት» አለችኝ። ወንድምየው ግን አልገባልኝም።

ትናንት ማታ ሒሳብ መጣ። ፎቶው ቀጥ ብሏል፣ አንድም ጣት የለበትም፣ ሁሉም ቁጥር ይነበባል። ገጹ ግን የ4ኛ ክፍል ነው። 53ታችንም አውራ ጣት አቆምን።